ሠላሳ አራት ዓመት የዘገየ ቃል

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። ይህ ምሳሌ ሰው ቃሉን እንዲያከብርና ከተናገረው እንዳያፈገፍግ የተነገረ ብርቱ ምክር ነው። ይሁን እንጂ የተነገረው ቃል ስሕተት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ተናጋሪው ምን ማድረግ ይገባዋል? ቃሉን ይጠብቅ ወይስ እውነትን? ይህን ጥያቄ የማነሣው ስለ ዳኞች ወይም ስለ አገር ሽማግሌዎች ለመናገር አይደለም፤ በሲኒማ ቤት አንድ ፊልም አይተው በማግሥቱ ፍርዳቸውን በጋዜጣ ስለሚያሳትሙ ሐያስያን ለመናገር ነው። ከነዚህም ሰዎች አንዱ፥ ለጥቂት ዓመታት ቢሆንም፥ እኔ ራሴ ነበርሁ።

የጋዜጣ የፊልም ትችት ከሌላው የጽሑፍ ዐይነት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ችኰላው ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ደክመውበታል፤ ገንዘባቸውን አፍስሰውበታል፤ እንቅልፋቸውን አጥተውበታል። ሐያሲው ግን በጨለማ አዳራሽ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይወጣና ጋዜጣው ወደ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ጽሑፉን ለማድረስ ይሮጣል። በማግሥቱ ጋዜጣውን የገዛ ሰው ሁሉ ቡናውን እየጠጣ ያ ፊልም ሊታይ የሚገባው ወይም የማይገባው መሆኑን ይወስናል። ጋዜጣው በሳምንቱ የዕቃ መጠቅለያ ይሆናል፤ ፊልሙ ግን ተቀምጦ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ትውልድ ያየዋል። ያን ጊዜ የሚፈረደው በፊልሙ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሐያሲውም ላይ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ታሪክ ላስቀድም። ከዚህ በታች የማነሣቸው የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። በ1960 ማይክል ፓወል የተባሉ እንግሊዛዊ የፊልም አዘጋጅ «ፒፒንግ ቶም» የተሰኘ ፊልም በለንደን አሳዩ። ሚስተር ፓወል በዚያን ጊዜ ለሥራው እንግዳ አልነበሩም፤ ከባልንጀራቸው ከኤመሪክ ፕረስበርገር ጋራ ሆነው «ቀያዮቹ ጫማዎች» (1948) እንደሚባለው ያሉትን ፊልሞች የሠሩ፥ በአገራቸው ከታወቁት አዘጋጆች አንዱ ነበሩ። የዚህኛው ፊልም ታሪክ ግን የሚያስደነግጥ ነበር። ባለ ታሪኩ በፊልም ስቱዲዮ የሚሠራ ዝምተኛ ወጣት ነው፤ ሴቶችን ይገድላል፤ በሚሞቱበትም ሰዓት በፊታቸው ላይ የሚታየውን ፍርሃት በካሜራው ያነሣል። በልጅነቱ የገዛ አባቱ የፍርሃትን ጠባይ አጠናለሁ እያለ፥ ሆነ ብሎ እያስፈራራ፥ ሕፃኑን ፊልም ያነሣው እንደ ነበር ቀስ በቀስ እንረዳለን። ከሁሉ የከበደው ነገር አዘጋጁ ተመልካቹን ከዚያ ወጣት ካሜራ ጀርባ ማስቀመጣቸው ነው። በጨለማ ተቀምጠን የሰውን ጭንቀት የምንመለከት እኛም ከነገሩ ንጹሓን እንዳልሆንን የሚናገር ፊልም ነበር።

የለንደን ጋዜጦች ተባብረው ተነሡበት። አንዱ ሐያሲ ይህን ፊልም ለማስወገድ ትክክለኛው መንገድ በአካፋ ዝቆ በቅርብ በሚገኝ የቈሻሻ መውረጃ መጣል እንደ ሆነ ጻፈ። በሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ከ1939 ጀምሮ ስለ ፊልም ሲጽፉ የኖሩት፥ በዕውቀታቸውና በጨዋነታቸው የተከበሩት ወይዘሮ ዲሊስ ፓወልም ከነቃፊዎቹ ጋራ ቆሙ፤ የስም መመሳሰል ነው እንጂ ከአዘጋጁ ጋራ ዝምድና አልነበራቸውም። ፊልሙ ብዙ ሳይቆይ ከሲኒማ ቤት ወረደ። ሚስተር ፓወልም ከዚያ ወዲህ በአገራቸው እንደ ቀድሞው ሥራ ለማግኘት አልቻሉም፤ ኋላ የታወቁላቸውን ሁለት ፊልሞች የሠሩት እስከ አውስትራልያ ድረስ ሄደው ነው።

በዚያው ዓመት፥ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ»ን አወጡ። ይህም ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይ ወጣት የሚተርክ ነው። ሚስተር ሂችኮክ ግን ብልኅ ነጋዴም ስለ ነበሩ ፊልሙን አስቀድመው ለጋዜጠኞች አላሳዩም፤ ሐያሲው ከሕዝቡ ጋራ እንዲገባ፥ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላም ማንም ሰው እንዳይገባ ደነገጉ። ስለዚህ የሐያስያኑ ቃል ታትሞ ሳይወጣ ሕዝቡ በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፎ ነበር። በኒው ዮርክ ታይምስ ይጽፉ የነበሩት ሚስተር ቦስሊ ክራውዘር በመጀመሪያ ፊልሙን ብዙም አላመሰገኑትም፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ከዓመቱ ዐሥር ምርጥ ፊልሞች መካከል ቈጠሩት። በለንደን በኦብዘርቨር ጋዜጣ ከ1928 ጀምሮ የጻፉት ወይዘሮ ካሮላይን ሌዠን ደግሞ ፊልሙን ተጸይፈው ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ፤ መጨረሻውን አለማየታቸውንም ለአንባቢዎቻቸው በግልጽ ጻፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻም ሥራቸውን ተዉ። የወይዘሮ ሌዠንን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ወደ ራሴ ጉዳይ ስመለስ ያስፈልገኛልና።

ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1967፥ ተራው የአሜሪካ ሆነ። «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» የተባለው ስለ ሁለት የባንክ ዘራፊዎች የሚናገረው ፊልም በወጣ ጊዜ ሚስተር ክራውዘር አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግመው ነቀፉት፤ ግድያን መሳቂያ አድርጎታል ብለው ነበር። ጆ ሞርገንስተርን የተባሉት የኒውስዊክ መጽሔት ሐያሲም እንዲሁ በብርቱ አወገዙት። ሚስተር ሞርገንስተርን ግን በዚያው ሳምንት ከባለቤታቸው ጋራ ሆነው ፊልሙን እንደ ማንኛውም ተመልካች በሲኒማ ቤት ዳግመኛ አዩት። የሕዝቡን ሳቅና ከሳቁ በኋላ የወረደውን ድንጋጤ ሲሰሙ፥ በመጀመሪያው ጊዜ የፊልሙ ነገር እንዳልገባቸው ተረዱ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው መጽሔት፥ በዚያው ስፍራ፥ የቀድሞው ፍርዳቸው ስሕተት እንደ ነበረ ጽፈው አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ፖሊን ኬል በኒው ዮርከር መጽሔት ስለ ፊልሙ ረዥም ሐተታ ጽፈው ተሟገቱለት። ሚስተር ክራውዘር ግን በቃላቸው ጸኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያም ከሃያ ሰባት ዓመት ያህል በኋላ ወንበሩን ለሌላ ለቀቁ።

እንዲህ ያለው ነገር በሕዝብ ዘንድ በተወደዱትም ፊልሞች ላይ ደርሷል። የእኛ አገር ሰው በዘፈኑ በዕንባውና በጀብዱው የሚወደው የህንድ ፊልም ለዚህ ምስክር ነው። በ1975 «ሾሌ» ቦምቤይ ላይ በወጣ ጊዜ የጋዜጣ ሐያስያን አናንቀውት ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ተመልካቹ ቀዝቅዞ ታየ። ኋላ ያየው ላላየው እየነገረ ሕዝቡ ራሱ ፊልሙን አነሣው፤ ሚኔርቫ በሚባለው የቦምቤይ ሲኒማ ቤት ብቻ ከአምስት ዓመት በላይ ታየ። እኔ ራሴ ይህን ፊልም በልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ አይቼ፥ ከሁለቱ ወዳጆች አንዱ ሲሞት፥ ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ሴት በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ሲጠርጉ አስታውሳለሁ። እኒያ ሴት ሂንዲ አይሰሙም፤ የቦምቤይንም ጋዜጣ አላነበቡም።

የሐያስያን አሳብ በአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በትውልድም ይለወጣል። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ የፊልም መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ስም ያወጣል። በመጀመሪያው ጊዜ አንደኛ የሆነው «የብስክሌት ሌቦች» የተባለው የኢጣልያ ፊልም ነበር። በ1941 የተሠራው «ሲቲዝን ኬን» በዚያን ጊዜ ከዐሥሩ አልገባም፤ ከ1962 እስከ 2002 ድረስ ግን አንደኛነቱን ይዞ ኖረ። በ2012 «ቨርቲጎ» ቀደመው፤ ይህ የሚስተር ሂችኮክ ፊልም በ1958 ሲወጣ ውዳሴና ነቀፋ የተቀላቀለበት አቀባበል ነበር ያገኘው። በ2022 ደግሞ ሻንታል አከርማን የተባሉት ቤልጂጋዊት በ1975 የሠሩት «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሆነ። ፊልሞቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የሚያያቸው ዐይን ነው።

ታዲያ የሐያሲ ቃል ከንቱ ነው እንበልን? አይደለም። በደል እንዳልሠራ ስለ ሚስተር ክራውዘር አንድ ነገር ልጨምር። «ተአምር» የተባለውን የሮቤርቶ ሮሴሊኒን ፊልም የኒው ዮርክ ባለ ሥልጣኖች በ1951 በከለከሉ ጊዜ፥ ፊልሙ እንዲታይ ከተከራከሩት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ክርክሩም እስከ አሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1952 ፊልም እንደ ጽሑፍና እንደ ንግግር ሁሉ የነፃነት መብት እንዳለው ተፈረደ። የአሜሪካ ሕዝብ የኢጣልያን ፊልሞች እንዲያይም ብዙ የጻፉ ሰው ናቸው። አንድ ሐያሲ በ1967 መሳሳቱ በ1951 የሠራውን መልካም ሥራ አይፍቅም። የሐያሲ ክብር ባለመሳሳት አይደለም፤ እንዲያ ከሆነማ ክቡር ሐያሲ በዓለም ላይ ባልተገኘም ነበር።

አሁን ወደ ወይዘሮ ዲሊስ ፓወል ልመለስ። «ፒፒንግ ቶም» ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ከኖረ በኋላ፥ የአሜሪካው አዘጋጅ ማርቲን ስኮርሴዚ ፊልሙን ከልብ ይወዱት ስለ ነበር፥ በ1979 በእሳቸው ርዳታ በኒው ዮርክ እንደ ገና ለሕዝብ ታየ። የተጣለው ፊልም ከታላላቆቹ ተቈጠረ። በ1994 ወይዘሮ ፓወል ዕድሜያቸው ከዘጠና ዓመት አልፎ ሳለ ፊልሙን እንደ ገና ተመለከቱት። ከዚያም በዚያው በሰንደይ ታይምስ፥ በ1960 እሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ፊልሙን በድለውት እንደ ነበር፥ አሁን ግን ታላቅ ሥራ መሆኑን ማመናቸውን ጻፉ። ማይክል ፓወል በ1990 ሞተው ነበር። ስለዚህ ወይዘሮዋ በወዲያኛው ዓለም መነጋገር የተፈቀደ እንደ ሆነ ሚስተር ፓወልን ፈልጎ ይቅርታ መጠየቅ ግዴታቸው እንደሚሆን አስታወቁ። በሚቀጥለው ዓመት እሳቸውም ዐረፉ። ይቅርታው ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀ፤ አራት ዓመት ዘግይቶም ደረሰ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን አሁን እናገራለሁ።

በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የአማርኛ ፊልሞች እንደ አሸን የፈሉበት ጊዜ ነበር። በአምባሳደርና በሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ የሚቆመውን ሰልፍ የዚያ ዘመን ሰው ያስታውሰዋል። እኔ የሃያ አምስት ዓመት ጐልማሳ ነበርሁ፤ ዛሬ በሌለ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ፊልም እጽፍ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅዋ ለቤት ሠራተኛነት ቤይሩት ስለ ሄደችባት እናት የሚናገር ፊልም ለማየት ገባሁ። ድምፁ ይቈራረጣል፤ መብራቱ የተዋንያኑን ፊት ያጠፋዋል፤ ንግግሩ ይረዝማል። ጓደኞቼ ለእራት ይጠብቁኝ ስለ ነበር አንድ ሰዓት ያህል ከተቀመጥሁ በኋላ ተነሥቼ ወጣሁ። ማታውኑ ጻፍሁ። ከልጅቱ ጕዞ በኋላ አዘጋጁ እናቲቱን ፈጽሞ ረስቷታል አልሁ፤ ቀጥዬም እናቲቱን ያገኘ ሰው በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ያስታውቅ ብዬ ቀለድሁ። ይህ ቀልድ በጣም ተወደደልኝ። ጓደኞቼ በየቡና ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሲደጋግሙት ሰነበቱ። ፊልሙ በሁለተኛው ሳምንት ወረደ። የወረደው በእኔ ምክንያት ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ አይደለም ለማለትም አልደፍርም። አዘጋጁ ሌላ ፊልም አልሠሩም።

ባለፈው ዓመት የቈየ ወረቀት ሳገላብጥ ያን ቍራጭ ጋዜጣ አገኘሁት። የወይዘሮ ፓወል ነገር በልቤ ስለ ነበረ ፊልሙን መፈለግ ጀመርሁ፤ ቀድሞ ቪዲዮ ያከራዩ በነበሩ ሰው ቤት በአቧራ የተሸፈነ አንድ ቅጂ ተገኘ። ቤቴ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አየሁት። ድምፁ ያኔ እንደ ነበረው መጥፎ ነው። ነገር ግን እኔ ተነሥቼ ከወጣሁበት በኋላ ያለው ሃያ አምስት ደቂቃ የእናቲቱ ብቻ ነው፤ ንግግር የለበትም ለማለት ይቻላል። እናቲቱ በየቀኑ ስልክ ወዳላት ጎረቤት ቤት ትሄዳለች፤ ስልኩ አጠገብ በበርጩማ ትቀመጣለች፤ ጥጥ ትፈትላለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። በመጨረሻው ቀን ስልኩ ይጮኻል። እጅዋን ትዘረጋለች፤ አታነሣውም፤ ጎረቤቲቱን ትጠራለች። ፊልሙ በተዘረጋችው እጅ ላይ ያልቃል።

ወይዘሮ ሌዠን ሳያልቅ መውጣታቸውን ለአንባቢያቸው ነግረዋል። እኔ ወጥቼ ለማንም አልተናገርሁም፤ ያላየሁትን ነገር የለም ብዬ መሰከርሁ። ይህ የአስተያየት ስሕተት አይደለም፤ የሐሰት ምስክርነት ነው።

አዘጋጁን ጠይቄ አገኘኋቸው። ዛሬ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶግራፍ የሚያነሡበት ትንሽ ፎቶ ቤት አላቸው። ቍራጩን ጋዜጣ አውጥቼ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው ሳይቸኵሉ አነበቡት።

«ጋሼ፥ ያን ቀን እስከ መጨረሻው አልተቀመጥሁም» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «እናቲቱን ረሳ ብለህ የጻፍህ ዕለት ዐወቅሁ። አዳራሽ ውስጥ የነበረ ሰው እንደዚያ አይልማ!»

«ታዲያ ለጋዜጣው ለምን አልጻፉም?»

«ምን ብዬ? ሰውዬው ሳይጨርስ ወጣ ብዬ? ባለ ሥራው ሲናገረው ቂም ይመስላል፤ መናገር የነበረብህ አንተ ነበርህ።»

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ለመንኋቸው። «ይቅርታውስ ቀላል ነው» አሉ። «ያችን ስለ እናቲቱ የጻፍሃትን ግን ጽፈህ አርማት። የፊልሙን ስም ተወው፤ የእኔንም ስም ተወው፤ ያኔ ያነበበ ያውቀዋል። ስለ ድምፁ ያልኸውን አትንካው፤ እሱ እውነት ነው፤ ማይክሮፎኑ የተዋስሁት ነበር።» ይህን ብለው ሳቁ። በዚህ መካከል አንዲት ወጣት ልጅ ለፓስፖርት ፎቶግራፍ ልትነሣ ገባች። ወንበሩን አስተካከሉላት፤ ሻሽዋን ከግንባርዋ ከፍ እንድታደርግ ነገሯትና ወደ ካሜራቸው ተመለሱ። ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቋትም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እንግዲህ የታዘዝሁትን እፈጽማለሁ። በ1998 ዓ.ም. ስለ አንድ የአማርኛ ፊልም ስጽፍ አዘጋጁ እናቲቱን ረስቷታል ያልሁት ሐሰት ነው። እናቲቱ እስከ መጨረሻው እዚያው ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ የወጣሁት እኔ ነኝ።

የጋዜጣ ሐያሲ የሆናችሁ ወይም ልትሆኑ የምታስቡ ወጣቶች ሆይ፥ መንቀፍን አትፍሩ፤ ያልተነቀፈ ሥራ አይሻሻልም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ መቀመጥ ያቃታችሁም እንደ ሆነ መውጣታችሁን ለአንባቢያችሁ ንገሩ። የተሳሳታችሁም እንደ ሆነ በተሳሳታችሁበት ስፍራ አርሙት፤ ባለ ሥራው በሕይወት ሳለ አርሙት። የእኔን ቃል የሚሰማልኝ ሰው በሕይወት ቈይቶልኛል፤ ወይዘሮ ፓወል ይህን ዕድል አላገኙም።